ግድግዳው ከመቀባቱ በፊት፦ ስለ አደባባይ ጥበብና ስለ ትንሽ ከተማ ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

በትንንሽ ከተሞች የአደባባይ ጥበብ እንዲኖር የሚደክሙ የማኅበረሰብ የጥበብ ቡድኖችን አጥብቆ የሚተች ጽሑፍ በቅርቡ አነበብኩ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ትንሽ ከተማ ሌላ ብዙ ችግር እያለባት ገንዘቧን በግድግዳ ሥዕልና በሐውልት ላይ ማዋል ቅንጦት ነው፤ ሥራውን የሚመሩት በጎ ፈቃደኞች ሙያው ስለሌላቸው፣ ጥበብ ከተፈለገ ስመ ጥር ሠዓሊ ከትልቅ ከተማ አስመጥቶ ማሠራት ይሻላል፤ ነዋሪው ምን እንዲሣልለት እንደሚፈልግ መጠየቅ ጥበብን ይገድላል፤ የተሠራው ሁሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደብዝዞና ተልጦ ለከተማዋ ሸክም ይሆናል፤ በመጨረሻም ጎብኚ ይመጣል ተብሎ የሚነገረው ተስፋ ማታለያ ነው። እኔ እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጽሑፉን ሳነብ ያዘንኩባቸውም፣ ልክ ብለዋል ብዬ የተቀበልኳቸውም ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱንም ሳልደብቅ፣ ነጥቦቹን በቀረቡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅንጦት ነው ለሚለው የመጀመሪያ ነጥብ ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ጸሐፊው የውኃ ቧንቧንና የግድግዳ ሥዕልን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ከሁለት አንዱን ምረጡ ይሉናል፤ በተግባር ግን ሁለቱ ከአንድ ኪስ የሚወጡበት ጊዜ እምብዛም ነው። ፊላደልፊያ በ1959 በዳግም ልማት መሬት ላይ ከሚካሄድ ግንባታ ወጪ 1 በመቶው ለጥበብ ሥራ እንዲውል ስትደነግግ፣ ኋላም ሌሎች ከተሞች ሲከተሏት፣ የታሰበው ጥበቡ ከሕንፃው ጋር አብሮ እንዲመጣ እንጂ የሕንፃውን ቦታ እንዲሻማ አልነበረም። በትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ የቡድኑ ሀብት አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ እንኳ አይደለም። አንዱ ግድግዳውን ይፈቅዳል፣ ሌላው መወጣጫ ያውሳል፣ ሌላው የዕረፍት ቀኑን ይሰጣል። ቡድኑ ቢበተን ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ ቧንቧ አይሆንም፤ ጭራሹን አይሰበሰብም።

ከዚህ በላይ ግን ጸሐፊው የዘነጉት ነገር አለ። ችግር ያለበት ሕዝብ ስለ ችግሩ የሚናገርበት መንገድ ይፈልጋል። በጣሊያኗ ደሴት በሰርዲኒያ ተራሮች መካከል ያለችው ኦርጎሶሎ አራት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ በእረኝነት የኖረች ከተማ ናት። በ1969 መንግሥት ፕራቶቤሎ የተባለውን የግጦሽ መሬት ለወታደራዊ የተኩስ ልምምድ ሊያውለው ሲነሣ ነዋሪው በነቂስ ወጥቶ መሬቱን አላስነካም አለ፤ የመጀመሪያው የግድግዳ ሥዕልም ከሚላኖ በመጣ የቲያትር ቡድን እጅ የተሣለው በዚያው ዓመት ነው። በ1975 ደግሞ ፍራንቼስኮ ዴል ካሲኖ የሚባሉ መምህር ተማሪዎቻቸውን ይዘው በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ መሣል ጀመሩ። ዛሬ በከተማዋ ከ150 የማያንሱ ሥዕሎች አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ፍትሕ የሚናገሩ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ችግራቸውን ረስተው ወደ ቀለም አልሄዱም። ቀለሙን የያዙት ችግራቸው እንዲሰማላቸው ነው።

በሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም በሙያ ጉዳይ፣ ከጸሐፊው ጋር የተለያየነው ቡድኑ ሠዓሊውን ይተካል ብለው በማሰባቸው ይመስለኛል። አይተካም፤ መተካትም የለበትም። ግድግዳ ላይ በመጨረሻ የሚያርፈው እጅ የሠለጠነ እጅ መሆን እንዳለበት ከልቤ አምናለሁ፤ በቅንነት ብቻ የተሣለ ደካማ ሥዕል ለሃያ ዓመት ሕዝብ ፊት መቆም የለበትም። ነገር ግን ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት መሠራት ያለበት ሌላ ሥራ አለ፤ እሱን የሚሠራለት ካላገኘ የትኛውም ታላቅ ሠዓሊ ከትንሿ ከተማ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ አያገኝም። የግድግዳው ባለቤት ማን እንደሆነ ማጣራት አለ፤ ቤቱ የወራሾች ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ማግኘት አለ። ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ማውጣት፣ መሐንዲስ ግንቡን እንዲያይ መለመን፣ መንገዱ የሚዘጋበትን ቀን ከአጠገቡ ካሉ ነጋዴዎች ጋር መስማማት፣ ውል መጻፍ፣ ለሠዓሊው የሚገባውን ክፍያ በወቅቱ ማድረስ፣ መወጣጫው ላይ ለሚወጣው ሰው መድን መግባት፣ ይህ ሁሉ የቡድኑ ሥራ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው እነዚህን ነገሮች በሁለት ሳምንት ሊፈጽማቸው አይችልም፤ የሚፈጽማቸው እዚያው የሚኖር፣ ነገ ከግድግዳው ባለቤት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሰው ነው።

ባለሙያውና ሕዝቡ አብረው የሚሠሩበት ዘዴም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። በፊላደልፊያ በ1984 የከተማው አስተዳደር በየግድግዳው የሚጻፈውን ለመግታት አንድ ፕሮግራም ሲያቋቁም ጄን ጎልደን የተባሉት ሠዓሊ ያንኑ ግድግዳ ያበላሹ የነበሩትን ወጣቶች ጠርተው ብሩሽ ሰጧቸው፤ ያ ሥራ አድጎ ዛሬ ከ4,000 በላይ የግድግዳ ሥዕል የተሠራበት ድርጅት ሆኗል። እዚያ የተለመደው አሠራር ለእኔ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነው። ሠዓሊው ሙሉውን ንድፍ ካዘጋጀ በኋላ ሥዕሉ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይከፈልና እያንዳንዱ ማዕዘን ስስ በሆነ ያልተሸመነ ጨርቅ ላይ ይገለበጣል። የቅርጾቹ መስመር ይሰመራል፤ በየመስመሩ መካከል የቀለም ቁጥር ይጻፋል። ጨርቁ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያ፣ ወደ እስር ቤት ሳይቀር ይሄዳል። መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችል አዛውንት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሰባት ቁጥርን ሰማያዊ በሰባት ቁጥር ቦታ ላይ ይቀባል። ከዚያ ጨርቆቹ ተሰብስበው በአክሪሊክ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ሠዓሊው ወጥቶ መጋጠሚያውን በብሩሹ ያስተካክላል፤ ከመንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ጨርቅ መሆኑን እንኳ አያውቅም። በሎስ አንጀለስም ሠዓሊዋ ጁዲ ባካ የጀመሩት «ታላቁ ግንብ» የተባለው የግድግዳ ሥዕል 840 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ከ1976 ጀምሮ በተለያዩ ክረምቶች ከ400 በላይ ወጣቶች በውኃ መውረጃ ቦይ ግድግዳ ላይ የሠሩት ነው፤ የታሪክ ምሁራንም ተማክረውበታል። ስለዚህ ባለሙያ ወይስ በጎ ፈቃደኛ ብሎ ማማረጥ ሥራውን በቅርብ ካለማየት የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ልብ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ ልቆይበት እወዳለሁ። ጸሐፊው ሕዝብ ሲጠየቅ የሚመጣው ሁልጊዜ ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማይነካ ሥዕል ነው ይላሉ። በዚህ ላይ ከራሴ ልምድ ልመሰክርላቸው እችላለሁ፤ ተሳስተዋል አልልም። በአንድ ወቅት የእኛ ቡድን ሦስት ንድፎችን በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ነዋሪውን ጠርቶ፣ በእጅ ብልጫ አስመርጧል። የተመረጠው አበባና ርግብ ነበር። ማንም አልተቃወመውም፤ ከተሣለ በኋላ ግን ቆሞ ያየው ሰው አላስተዋልኩም። እኛ ስናፍርበት ኖረናል።

ነገር ግን ያ ስህተት የተፈጠረው ሕዝቡን ስለጠየቅን አልነበረም፤ የጠየቅነው ጥያቄ የተሳሳተ ስለነበረ ነው። ለሰው ሦስት የተጠናቀቀ ንድፍ አቅርቦ የትኛውን ትወዳለህ ማለት እንደ ገበያ ዕቃ ማስመረጥ ነው፤ ሰውም እንደ ገበያተኛ ይመልሳል። በሚቀጥለው ሥራችን ንድፍ የሚባል ነገር ሳይኖር ሄድን። አዳራሽም አልጠራንም፤ ወደ አዳራሽ የሚመጡት ሁሌም የሚመጡት ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛችንን ሰው በሚያልፍበት ቦታ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብና ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁመን የከተማዋን ካርታ ዘረጋንና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅን፦ በየቀኑ ሳያዩት የሚያልፉት ግድግዳ የትኛው ነው? በዚህች ከተማ ውስጥ የሆነ፣ ልጆች ግን የማያውቁት ነገር ምንድን ነው? በሁለተኛው ቀን ጎርፍ ስለወሰደው አሮጌ ድልድይ አምስት የተለያዩ ሰዎች ነገሩን። አንድ አዛውንት ካርታው ላይ ጣታቸውን አኑረው ድልድዩ የነበረበትን ቦታ አሳዩን፤ ቦታው አሁን ድልድዩ ካለበት ወደ ላይ ከፍ ይላል። አዲሱን በየቀኑ ስለሚሻገሩት ሥዕሉን እንደማይፈልጉ፣ የሚፈልጉት የሄደውን ማየት እንደሆነም ነገሩን። ሠዓሊዋ ይህን ሁሉ ሰማች፣ ማስታወሻ ያዘች፣ ከዚያ ለብቻዋ ሄዳ ሠራች። ንድፉን ለድምፅ አላቀረብነውም። ነዋሪው ለሥራው ነገሩን ሰጠ፤ ሠዓሊዋ መልኩን ሰጠች። እኔ የምለው መጠየቅ እንዲህ ያለው ነው፤ በዚህ ውስጥ የሞተ ጥበብ አላየሁም።

ያልተጠየቀ ሕዝብ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ምሳሌ አለ። በኒው ዮርክ በፌዴራል ፕላዛ በ1981 የቆመው የሪቻርድ ሴራ «ዘንባላው ቅስት» ከ36 ሜትር በላይ ርዝመትና 3.7 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የብረት ግድግዳ ነበር። ሠሪው በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ቀራፅያን አንዱ እንደሆኑ አይካድም፤ ጸሐፊው አስመጡ የሚሉን ዓይነት ሰው ነበሩ። ነገር ግን በየቀኑ አደባባዩን የሚያቋርጡት ሠራተኞች አንድ ጠዋት መንገዳቸው በብረት ተከፍሎ አገኙት። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ፤ በ1985 በተካሄደው ስብሰባ ላይ ከተናገሩት መካከል ይቆይ ያሉት 122፣ ይነሣ ያሉት 58 ነበሩ፤ ሆኖም ሥራው በ1989 ተቆራርጦ ተነሣ። ይህን ታሪክ ሴራን ለመንቀፍ አላነሣሁትም፤ እንዲያውም መፍረሱ የሚቆጨኝ ነው። የማነሣው ታላቅ ስም ብቻውን አንድን ሥራ በሕዝብ መካከል ሊያቆመው እንደማይችል ስለሚያሳይ ነው። ያውም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ውስጥ ነው፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ የማይፈለግ ሥራ መሸሻ የለውም፤ ሰው ሁሉ በየቀኑ ፊት ለፊት ይገናኘዋል።

ጸሐፊው በዚህ ላይ፣ ሕዝቡ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ በሰሜን እንግሊዝ በጌትስሄድ የቆመው የአንቶኒ ጎርምሊ «የሰሜን መልአክ» አይሠራም ነበር ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት ነው፤ 20 ሜትር ከፍታና 54 ሜትር የክንፍ ስፋት ያለው ይህ ሐውልት በ1998 ከመቆሙ በፊት ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። ነገር ግን የከተማው ምክር ቤት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአደባባይ ጥበብ ሥራዎችን ሲያሠራ ነበር። በ1996ም የዚያው ቀራፂ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በአንድ የቀድሞ የባቡር ፋብሪካ ውስጥ ታይተው ሕዝቡ ሥራውን አስቀድሞ እንዲያውቀው ተደርጓል። የሕዝብን እሺታ ሳያገኙ ሥራ መጀመር ይቻል ይሆናል፤ የሕዝብን ጆሮ ሳያገኙ ግን አይቻልም። ይህን ጆሮ ለማግኘት የሚሠራው የዓመታት ሥራ ነው በትንሽ ከተማ የጥበብ ቡድን የሚባለው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ምሳሌ ከጃፓን ነው። በኒጋታ ተራራማ አካባቢ ሰው እየቀነሰባቸውና እያረጁ ባሉ መንደሮች ውስጥ ፍራም ኪታጋዋ በ2000 የጀመሩት፣ በየሦስት ዓመቱ የሚደረግ የኤቺጎ-ጹማሪ የጥበብ ዝግጅት አለ፤ የሚሸፍነው መሬት 760 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሠዓሊዎቹ ባልና ሚስት ኢሊያና ኤሚሊያ ካባኮቭ በተራራ ጥግ ላይ ባለ የእርከን ሩዝ ማሳ ውስጥ የገበሬዎችን ምስል ሊያቆሙ ሲያስቡ የማሳው ባለቤት መጀመሪያ እምቢ አሉ። መሬቱ የአባቶች ልፋት ነው፤ መጫወቻ አይደለም። ጥያቄው በዚህ አልቆመም፤ ሠዓሊዎቹ የዚያን ማሳ ልፋት ሊያከብሩ እንደመጡ ከተረዱ በኋላ ባለቤቱ ፈቀዱ። ሥራው እስከ ዛሬ አለ፤ የምስሎቹ ኃይልም በዙሪያቸው እውነተኛ ሩዝ መዘራቱና መታጨዱ ነው። እንደኔ እምነት የባለቤቱ እምቢታ ለዚያ ሥራ ውበት ጨምሮለታል እንጂ አልቀነሰበትም።

ወደ አራተኛው ነጥብ ስመጣ፣ ጸሐፊው እዚህ ላይ አብዛኛውን እውነት ይዘዋል፤ እኛም ብዙ የምንጠየቅበት ነው። ያየኋቸው የተላጡ ሥዕሎች ብዙ ናቸው። በምረቃው ቀን ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ በኋላ የቡድኑ አባል አንድ ሰው እንኳ ተመልሶ ያላያቸው አሉ። እንዲህ ካደረገ ቡድን ይልቅ ምንም ያላደረገ ይሻላል ቢሉኝ አልከራከርም።

የማይስማማኝ ግን መደብዘዝና መላጥ የግድ ነው ማለታቸው ነው። ሥዕል የሚላጥበት ምክንያት ይታወቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከቀለሙ በፊት ያለው ግድግዳ ነው። ይህን የተማርኩት በራሳችን ጥፋት ነው። ልስኑ ከተሠራ ሦስት ሳምንት እንኳ ያልሞላው አንድ ግንብ ላይ፣ የምረቃው ቀን ስለደረሰብን፣ ቸኩለን ቀባን። በሁለተኛው ወር ከግርጌው በአንድ ክንድ ቁመት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ ምላስ ላይ ቢያኖሩት ይጎመዝዛል። ጨው ነው። እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ጨውን አሟሙቶ እየሳበ ወደ ፊት ሲወጣ ውኃው ይተንና ጨው ከቀለሙ ሥር ይቀራል፤ ከዚያ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። በአራተኛው ወር የአንዲት ልጅ ሥዕል እግሮቿ ከጉልበት በታች ጠፍተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ሳንፈትሽ አንነካም። ፈተናው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጦ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጥብቆ መለጠፍና ማሳደር ነው። በማግስቱ ከፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የላብ ጠብታ የመሰለ ውኃ ካለ ወይም ከሥሩ ያለው ልስን ጠቁሮ ከተገኘ ግድግዳው ገና እየተነፈሰ ነው፤ ብሩሽ አይነካውም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት፤ ከዚያ በፊት ያለው አልካሊነቱ፣ ማለትም እንደ ኖራ የሚያቃጥለው ባሕርዩ፣ የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ አሸንዳው ይሠራል። ከዚህ ቀጥሎ የቀለሙ ምርጫ አለ፤ ለውጭ ግድግዳ የማይሆኑ፣ ፀሐይ የማይችሉ ቀይና ቢጫ ዓይነቶች አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት ያምራሉ፣ ከዚያ ሥዕሉ ውስጥ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። በሌላ በኩል አዶልፍ ቪልሄልም ካይም በ1878 በጀርመን የባለቤትነት ፈቃድ ያወጡበት የሲሊኬት ቀለም ከልስኑ ጋር ኬሚካላዊ ውሕደት ስለሚፈጥር ላዩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር አይደለም፤ በስዊዘርላንድ በሽቪትስ ማዘጋጃ ቤት ግንብ ላይ በ1891 በዚሁ ቀለም የተሠራው ሥዕል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ሽቪትስ ትንሽ ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል።

የቴክኒኩ ነገር ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ውል ነው። ግድግዳው ነገ ይሸጣል፣ ይፈርሳል፣ በነጭ ቀለም ይሸፈናል። በኒው ዮርክ ፋይቭ ፖይንትስ የተባለው ሕንፃ ባለቤት በ2013 በአንድ ሌሊት ሥዕሎቹን በነጭ ሲያስቀባ ሠዓሊዎቹ የጥበብ ሥራን ክብር የሚጠብቀውን የ1990 የአሜሪካ ሕግ ጠቅሰው ከሰሱ፤ በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 ሠዓሊዎች 6.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደላቸው። ለትንሽ ከተማ የሚበጀው ግን ከፍርድ በፊት ያለ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ ሥዕሉ ለስንት ዓመት ይቆያል፣ ማን ይጠግነዋል፣ ባለቤቱ ግድግዳውን ሊነካ ሲፈልግ ለማን ያስታውቃል፣ ዘመኑ ሲያበቃ ሥዕሉ እንዴት ይሰናበታል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ቡድኖች መጻፍ ይፈራሉ። እኔ ግን አንድ ሥራ አሥር ዓመት ይኖራል ተብሎ ተነግሮ አሥር ዓመት ቢኖርና ቢሸኝ ከውርደት አልቆጥረውም። ውርደቱ ዘላለማዊ ነው ተብሎ በሦስት ዓመት ሲላጥ ነው። ከሥራው ገንዘብም የተወሰነው ገና ከመጀመሪያው ለጥገና ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ይህን የማይፈቅድ ገንዘብ ሰጪ ሲመጣ የግድግዳውን ስፋት መቀነስ እንጂ የጥገናውን ድርሻ መንካት አይገባም። ከላይ የጠቀስኩት የሎስ አንጀለሱ ግንብ ራሱ በጎርፍ፣ በፀሐይና በጭስ ተጎድቶ በ2011 እንደገና ታድሷል። ጥገና የውድቀት ምልክት አይደለም፤ የሥራው አካል ነው።

አምስተኛው ነጥብ የጎብኚ ተስፋ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እቆማለሁ፤ ምክንያታችን ግን ይለያያል። ጽሑፉ የካናዳዋን ቼሜይነስን የማይደገም ዕድል ብሎ ያልፋታል፤ ጉዳዩ ግን ከዕድል የበለጠ ነው። ይህች በቫንኩቨር ደሴት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ የኖረችው በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዋ ነበር። ፋብሪካው በ1983 ሲዘጋ ነዋሪው የግድግዳ ሥዕሎቹን አንድ ዓመት ቀድሞ ጀምሯቸው ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት ካርል ሹትስ በሮማኒያ ግድግዳቸው በውጭ በኩል ጭምር የተሣሉ ገዳማትን አይተው የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ዛሬ በከተማዋ ከ40 በላይ ሥዕሎች አሉ፤ ሰውም ሊያያቸው ይመጣል። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከተማዋ ፋብሪካዋን አልረሳችም፤ በ1985 ሠራተኛው ያነሰ አዲስ ፋብሪካ ተከፍቶላታል። ሥዕሉ ብቻውን ከተማ አድኗል የሚል ሰው ታሪኩን አሳጥሮታል።

በሞሮኮ አትላንቲክ ዳርቻ ያለችው አሲላም ተመሳሳይ ነገር ታስተምራለች። በ1978 መሐመድ ቤናይሳና ሠዓሊው መሐመድ ሜሌሂ የከተማዋ ልጆች ሆነው የጥበብ ዝግጅቱን ሲጀምሩ ሠዓሊዎች የአሮጌዋን ከተማ ግድግዳዎች ሣሉ። ሆኖም ሥዕሉ ብቻውን አልመጣም፤ ቤቶችና መንገዶች አብረው ታደሱ፤ እድሳቱም በ1989 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ሥዕሎቹም ባሉበት አልቀሩም፤ ዝግጅቱ በተደረገ ቁጥር አሮጌው ተሸፍኖ አዲስ ይሣላል። ስለዚህ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ገንዘብ ለመጠየቅ የሚሄድ ቡድን ይህን ያህል ጎብኚ እናመጣለን ብሎ መማል የለበትም ባይ ነኝ። ቁጥሩ ካልመጣ ሥራው ሁሉ እንደ ውሸት ይቆጠራል፤ ከመጣም ሥዕሉ የነዋሪው መሆኑ ቀርቶ ለእንግዳ የተዘረጋ ዕቃ ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ሊጨምርበት የሚችለውም ያው ነዋሪ ነው።

ጸሐፊው በመጨረሻ ታዲያ ጥቅሙ በምን ይለካል ብለው ጠይቀዋል። እኛ የምንመዘግበው ደብተር አለን፤ የጎብኚ ቁጥር ግን የለበትም። ድልድዩ የተሣለበት ግድግዳ ባለቤት መጀመሪያ ግድግዳቸውን እንድንነካ አልፈቀዱም ነበር፤ አራት ጊዜ ተመላልሰናል። ከተሣለ ከሁለት ዓመት በኋላ ለዓመታዊው ፍተሻ ፕላስቲካችንንና ፕላስተራችንን ይዘን ስንሄድ አሸንዳው አዲስ ሆኖ አገኘነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ለማንም አልነገሩም፤ ወጪውንም ከእኛ አልጠየቁም። ውኃው ድልድዩ ላይ እየወረደ እንደነበረ፣ ክረምት ሳይገባ ማስቀየር እንደነበረባቸው ብቻ ነገሩን። በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ግድግዳው ደረቅ መሆኑንና አሸንዳው በባለቤቱ መቀየሩን ጻፍን።